የቫርንቤከ ሰው

«ወንድሜ አገር የለውም? ወገን የለውም?» አለች ኤልፍነሽ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ እያሰረች። «ቤልጅየም ወስደሽ፣ ስሙ እንኳ ምላስ የሚያስር መንደር ውስጥ ልትጥዪው ነው?»

«ስሙ ቫርንቤከ ነው» አለች ማናለብሽ። «ደግሞ አልጥለውም። እቀብረዋለሁ።»

ሆላንድ፣ ስኪዳም ከተማ ካለው አፓርታማ ሳሎን ውስጥ ሶፋው ወደ ግድግዳ ተገፍቶ ፍራሽ ተነጥፏል። ለቀስተኞቹ ንፍሯቸውን ይዘው አቀረቀሩ። የማናለብሽ ባል ወልደየስ ሰኞ ጠዋት ወደ ሥራ ሲወጣ ልቡ ቀጥ ብሎ ሞቷል፤ ሬሳው ማቆያ ቤት ነው፤ የአገሩ ሕግ ደግሞ ለቀብር ብዙ ቀን አይሰጥም።

የእድሩ ሊቀመንበር ጋሽ ሽባባው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ ማናለብሽ፣ እድሩ ሬሳውን አገር ቤት ለመላክ ዝግጁ ነው። አይሆንም ካልሽም ሮተርዳም ወገኖቹ ያረፉበት ቦታ አለ።»

«እርስዎን አከብራለሁ፣ ጋሽ ሽባባው። ባሌ ግን የት እንደሚተኛ ነግሮኛል።»

«ሰው በጨዋታ መሀል ስንቱን ይላል!» አለች ኤልፍነሽ።

ከጥግ አንዷ ለጎረቤቷ፣ «ተዪያት፣ ሐዘኑ ነው የሚያናግራት» ብላ አንሾካሾከች።

«ሐዘኑማ አለ» አለች ማናለብሽ ዞር ሳትል። «ጆሮዬ ግን ደህና ነው።»

ወልደየስ ቫርንቤከ የደረሰው በወጣትነቱ፣ ጥገኝነት ጠያቂ ሆኖ ነበር። መንግሥት ነው የመደበው። መንደሩ ዝግ ብሎ በሚፈስ ወንዝ ዳር ያለ ነው። ድሮ ክር የሚወጣው የተልባ አገዳ የሚዘፈዘፈው እዚያ ወንዝ ውስጥ ስለነበር በጋ በመጣ ቁጥር አገሩ ይገማ ነበር፤ የጎረቤት ከተማ ሰዎች «ግሞቹ» ሲሏቸው የመንደሩ ሰዎች ስሙን ወስደው ለኳስ ቡድናቸው አወጡት። በአንደኛው የዓለም ጦርነት መንደሩ እስከ መጨረሻው ቤት ተቃጠለ። ሹሞች መንደሩን ሌላ ቦታ ሊሠሩላቸው ሲያስቡ፣ እነሱ ተመልሰው ምድር ቤታቸው ውስጥ እየኖሩ እያንዳንዱን ቤት በድሮው መሠረት ላይ አቆሙት። ከብዙ ዓመት በኋላ መንግሥት ከትልቁ ከተማ ጋር ቀላቀላቸው፤ ምክር ቤታቸው ፈረሰ፤ መግቢያው ላይ ያለው የስም ሰሌዳም ተነቀለ። በሳምንቱ ከእንጨት ሠርተው ተከሉት። ከተማው ነቀለ። ተከሉ። ወልደየስ ሲደርስ ጠቡ ሃያ ዓመት ሊሞላው ነበር።

በዚያ ክረምት የሰሌዳውን ፊደል የሚጽፈው ሰውዬ ሞተ። ወልደየስን ያስጠለለው አናጢው ዮስ የእጅ ጽሑፉ የሚያምር ሰው ሲፈልግ፣ ወልደየስ ብሩሹን ተቀበለው። መንዝ ዲያቆን ሳለ ቁም ጽሕፈት ተምሯል። የፈረንጁን ፊደል ብራና ላይ እንደሚጽፍ አድርጎ፣ አናቱን አወፍሮ እግሩን አሹሎ ጻፈው። ሰዎቹ ተሰብስበው አዩት።

«ፊደሎቹ እግር አወጡ» አለ አንዱ።

«ጥሩ ነው» አለ ዮስ፤ «ለመንቀል ያስቸግራቸዋል።»

በኋላ አገር ልቀቅ ተባለ። ፖሊስ በየቤቱ እየዞረ የውጭ አገር ሰው እንዳለ ጠየቀ። በየበሩ ያገኘው መልስ አንድ ነበር፤ «የውጭ ሰው የለም። ያለው የቫርንቤከ ሰው ነው።» የመኖሪያ ፈቃዱን አግኝቶ፣ ማናለብሽን አግብቶ ስኪዳም ከገባ በኋላም በየጸደዩ ሰሌዳውን ሊጽፍ ብሩሹን ይዞ ይሄድ ነበር። መጀመሪያ ሰሞን፣ «ያገባሁት ሰው አግብቶ የነበረው እንጨት ነው» እያለች ትስቅበት ነበር። ባለፈው ጸደይ ብሩሹን ወንዙ ውስጥ እያጠበ፣ «ማንዬ፣ እኔ ስሞት እዚህ ነው» አላት። አላሾፈም።

ልጃቸው ሳያት ስልክ ይዛ ከኮሪደሩ ገባች። «ማማ፣ የቤልጅየሙ ከተማ ጽሕፈት ቤት ደወለ። እዚያ ነዋሪ ስላልነበረ ፈቃድ ያስፈልገዋል። መልሱ የሚቀጥለው ሳምንት ነው አሉኝ።»

«ይኸው!» አለች ኤልፍነሽ። «እግዜር ራሱ ዘጋው!»

«የዘጋው ቢሮ ነው። እግዜርን ለምን ታሚዋለሽ?»

«እንግዲህ ዛሬውኑ ካልቆረጥን...» ብለው ጋሽ ሽባባው ሲጀምሩ፣ ሳያት «ጋሼ፣ አንተ ቆይ፣ በር ተደወለ» አለች። ማንም አላረማትም።

የገቡት ዮስ ነበሩ። አርጅተዋል፤ ቆባቸውን በእጃቸው ይዘው ደፉ ላይ ቆሙ። ሳያት ተረጎመች።

«መቃብሩ ተዘጋጅቷል ይላል። የቤተሰቡ ቦታ ነው። ከሚስቱ አጠገብ የእሱ የነበረውን ለአባቢ ሰጥቶታል።»

«እሳቸውስ የት ሊገቡ ነው?» አለች ኤልፍነሽ ሳታስበው።

ሳያት ጠየቀች። ሽማግሌው ትከሻቸውን ነቀነቁ።

«አልቸኩልም ይላል።»

«ፈቃዱስ?» አሉ ጋሽ ሽባባው።

ዮስ ረዘም አድርገው ተናገሩ፤ ሳያት አባቷ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅ አመለጣት። «የመንደሩ ሰዎች ከንቲባዋን ጉድጓዱ ተቆፍሯል ብለዋታል። ምርጫ ደርሷል፤ ክፍት መቃብር ይዛ መወዳደር አልፈለገችም። አሁን እሱ መንገድ ላይ እያለ ፈቅዳለች።»

ኤልፍነሽ አልሳቀችም። «በምን ቆፈሩት? በመኪና?»

ዮስ ጥያቄው ሲነገራቸው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። መዳፋቸው ውኃ ቋጥሯል፤ አንዱ ፈርጧል። እዚያ መቃብር የሚቆፍረው ጎረቤት ነው፣ ተራም አይጠበቅም አሉ።

ኤልፍነሽ እጆቹን ብዙ አየቻቸው።

«መንዝም እንዲሁ ነው» አለች፣ ለማንም ሳይሆን። ከዚያ ፍራሹ ላይ ጠጋ ብላ አጠገቧ ያለውን ቦታ በመዳፏ መታ መታ አደረገች። «አረፍ ይበሉ በያቸው። ቆሞ ለቅሶ የለም።»

«ፍትሐቱን ቄሱ የትም ያደርሳሉ» አሉ ጋሽ ሽባባው። «አውቶቡስ እንፈልግ።»

ዮስ በሩ ላይ የተደረደሩትን ጫማዎች አይተው የራሳቸውን ሊያወልቁ ጎንበስ ሲሉ ወገባቸው እምቢ አለ። ማናለብሽ ተንበረከከችና ክሩን ፈታችላቸው። እነዚህን ቀናት ሁሉ የምትከራከረው ሰው ስለነበራት ዓይኗ ደረቅ ነበር። አሁን ቀና ስትል የሚከራከራት የለም። የጫማው ሶል ላይ ከጉድጓዱ የመጣ ጥቁር ጭቃ ተጋግሯል፤ ገና እርጥብ ነው። ሳያት እንድትጥልበት ፌስታል ዘረጋችላት።

ማናለብሽ ጭቃውን በጣቷ ፈልቅቃ መዳፏ ላይ አደረገችው። ፌስታሉን በክርኗ ገፋ አድርጋ፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ አጠፈችበት፤ እዚያው እንደተንበረከከች ቀረች።