ማርኩ እንዳይነካ

አክስቴ የልብስ ሱቅ ስላላት በቤተሰባችን ስለ ልብስ የመናገር ሥልጣን የእሷ ብቻ ነው። እኔ ስድስት ዓመት በልብስ ፋብሪካ ጥራት ተቆጣጣሪ ሆኜ መሥራቴ አይቆጠርም። እሷ «ነጋዴ» ናት፣ እኔ «ክር ለቃሚ»። ፋብሪካው ተዘግቶ ቤት ከዋልኩ ወዲህ ደግሞ ክር ለቃሚነቱም ቀርቶብኛል።

ስለዚህ ሌላ ልብስ ፋብሪካ ለቃለ መጠይቅ ሲጠራኝ ምን እንደምለብስ ማንም እኔን አልጠየቀኝም። ነጭ ሸሚዝና ግራጫ ሹራብ አዘጋጅቼ ነበር። እናቴ ለአክስቴ ደወለች። አክስቴ ሱቋን ዘግታ መጣች፣ ሹራቤን በሁለት ጣቷ አነሳችው።

«ይሄን ለብሰሽ ብትሄጂ ሥራ ሳይሆን እርዳታ ነው የሚሰጡሽ» አለች። ከዚያ ከላስቲክ ውስጥ ጥቁር ሰማያዊ ኮት አወጣች። «ይሄ ከውጭ የመጣ ነው።»

ከየትኛው ውጭ እንደሆነ አልጠየቅናትም። ከበራችን ውጭ መምጣቱን ግን በዓይናችን አይተናል።

ለብሼው መስታወት ፊት ቆምኩ። ዓይኔ ሥራ ቢፈታም ሥራውን አልረሳም። የቀኙ እጅጌ ከግራው በጣት ውፍረት ይረዝማል። ኮሌታው በአንድ ጎን ተኝቷል፣ በሌላው ጎን ካልተነሳሁ ይላል። የመሃሉ ቁልፍ ለመውደቅ የሚጠብቀው ሰበብ ብቻ ነው። በግራው እጅጌ ጫፍ ላይ ደግሞ በወርቃማ ክር የተጻፈበት ማርክ ተሰፍቷል። እንዲህ ያለው ማርክ በአራት ላላ ያለ ስፌት የሚያያዘው፣ ገዢው ቤቱ ሲገባ እንዲነቅለው ነው። መቀሴን አነሳሁ።

«ምን ልትሠሪ ነው?» አለች አክስቴ።

«ማርኩን ላነሳው።»

«አብደሻል? እሱ ከሌለ ውድ መሆኑን ማን ያውቃል? ደግሞ የሚሸጥ ዕቃ ነው፣ ትመልሽልኛለሽ። እዚያ ስትቀመጪ እጅሽን ጠረጴዛው ላይ አድርጊ፣ በደንብ ይታይ።»

እናቴ ከጀርባዋ ሆና ጠቀሰችኝ። «ዝም አይነቅዝም» ማለቷ ነው። ቤት ከዋልኩ ጀምሮ በእኔ ነገር እንቅልፍ የላትም፤ እኔም ያን ሥራ ካጣሁ ሌላ የሚጠራኝ አልነበረም። መቀሴን አስቀመጥኩ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል።

የፋብሪካው ኃላፊ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሰቀሉ ዝምተኛ ሴትዮ ነበሩ። ስለ ትምህርቴ አልጠየቁኝም። ዓይናቸው ቀጥ ብሎ እጅጌዬ ላይ አረፈ። እጄን ከጠረጴዛው ሥር ደበቅኩት፤ አክስቴ ብታየኝ ታለቅስ ነበር።

«እስቲ ኮትሽን አውልቂና ጉድለቱን ንገሪኝ» አሉ።

ደነገጥኩ። ብናገር፣ ይህን ለብሼ የመጣሁት እኔው ነኝ። ባልናገር ደግሞ የማያይ ጥራት ተቆጣጣሪ ማን ይቀጥራል? ኮቱን ዘረጋሁትና ከእጅጌው ጀመርኩ። ኮሌታውንና ቁልፉን ጠቀስኩ። ገበሩ አጥሮ ጨርቁን እንደሚጎትተው አሳየኋቸው። ይበቃኛል ብዬ አፌን ልዘጋ ስል የኪሱ ክዳን ጠምሞ መሰፋቱን አየሁ፣ እሱንም ለቀቅኩት። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

«ጠዋት ስትለብሽው ይሄን ሁሉ አላየሽም?»

«አይቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን ለበስሽው?»

«ኮቱን ብቻ ሳይሆን ያመጣችልኝን አክስቴንም ስለማውቃት ነው።»

ሴትዮዋ መነጽራቸውን አወረዱና ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። «እኔም አማት አሉኝ» አሉ። «ሰኞ ጀምሪ።»

ኮቱን ልመልስ ወደ ሱቁ ሄድኩ። የምላትን መንገድ ላይ አሰናድቼ ጨርሻለሁ። በተለይ ሥራውን ያገኘሁት «ከውጭ የመጣውን» ኮቷን አዋርጄ መሆኑን ልነግራት አፌን በልቶኛል። መስኮቱ ጋ ስደርስ ግን ቆምኩ። ኮቱን ለብሳ መስኮቱ ላይ ትቆም የነበረችው የልብስ ማሳያ አሻንጉሊት ዛሬ የአክስቴን የራሷን ሹራብ ለብሳለች፣ ክርኑ የተጣፈውን። አክስቴ ከኋላዋ በስስ ቀሚስ እጆቿን ብብቷ ሥር ወሽቃ ተቀምጣለች። ለካ ለመስኮት የሚሆን ሌላ ልብስ የላትም። አፈርኩ።

ሳታየኝ ወደ ቤት ተመለስኩና የስፌት ማሽኑ ላይ ተቀመጥኩ። እጅጌውን አሳጠርኩ፣ ኮሌታውን ፈትቼ እንደገና ሰፋሁት፣ ገበሩን ለቀቅ አደረግኩ፣ የኪሱን ክዳን አቃናሁ፣ ቁልፉን አጠበቅኩና በካውያ ተኮስኩት። ማርኩን አልነካሁትም።

በማግስቱ ወሰድኩላት። ሥራ ማግኘቴን እናቴ ደውላ ነግራታለች። ኮቱን እያገላበጠች ስታይ ከኃላፊዋ ፊት ይልቅ እዚያ ጨነቀኝ።

«አየሽ» አለች፣ ለአሻንጉሊቷ እያለበሰች። «ደህና ዕቃ እንዲህ ነው፣ ሲለበስ ጭራሽ ያምራል። ሥራውንም ያገኘሽው በሱ ነው።»

ይሄኛው እንኳ እውነት ነበር።

«ልክ ነሽ አክስቴ» አልኳት።

ሹራቧን መልሳ ለበሰች። ክርኑ ላይ የተጣፈው ጨርቅ ጠማማ ነው፣ ክሩም ከሹራቡ ጋር አይሄድም። አይቼ ዝም አልኩ። ስህተት በመናገር ደመወዝ የሚከፈለኝ ከሰኞ ጀምሮ ነው።