ጉዳይዎ በጥሩ እጅ ላይ ነው

«እኔ ያቀረብኩት እኮ ስትራቴጂ ነው፤ መሣሪያ አይደለም!» አለ ሄኒንግ ኖርትሆፍ የስብሰባውን ጠረጴዛ በመዳፉ እየመታ። «መሣሪያ ሲገባ የሠራተኞች ምክር ቤቱን አስፈቅዳለሁ፤ ሕግ ነው። ለሐሳብ ግን ማንን ነው የማስፈቅደው?»

«ሰኞ ዕለት በፎልከር ኮምፒውተር ላይ የጫናችሁት ሐሳብ ነው?» አለች የምክር ቤቱ ሰብሳቢ ኢርምትራውት ሄልሸር።

«እሱ ሙከራ ነው።»

«ሙከራ ከሐሳብ ይቆጠራል ወይስ ከመሣሪያ?»

ሄኒንግ አያቱ ያቋቋሙትን የበርና የመስኮት እጀታ ፋብሪካ ከአባቱ ከተረከበ ጥቂት ዓመታት ሆኖታል። ኢርምትራውት ግን በአባቱ ቢሮ ወለል ላይ ቁጭ ብሎ የወረቀት አውሮፕላን ሲያጥፍ ጀምሮ ታውቀዋለች። በስብሰባ ላይ አንቱ ትለዋለች፤ ስትናደድ ይጠፋባታል።

ሄኒንግ መልስ ፍለጋ ወደ አማካሪው ዞረ። አማካሪው ላርስ ኦስተርካምፕ ከዱሰልዶርፍ በጠዋት ባቡር የመጣ፣ ከሱፍ ሱሪው ሥር ነጭ ሸራ ጫማ ያደረገ ወጣት ነበር።

«በሁለቱ መካከል ነው ማለት ይቻላል» አለ። «የስትራቴጂው የመጀመሪያ እርምጃ ነው፤ ግን ገና አልተጀመረም።»

«ያልተጀመረ የመጀመሪያ እርምጃ» አለች ኢርምትራውት። «ይኼን እባክህ ቃለ ጉባኤው ላይ አስገባልኝ።»

ግድግዳው ላይ የባሕር ዳር የመርከብ መብራት ማማ ሥዕል በፕሮጀክተር ተለቋል። ከሥሩ «የደንበኞች አቤቱታ ክፍል፦ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ስትራቴጂያችን የመብራት ማማ» ይላል፤ ለሌሎቹ ክፍሎች መንገድ የሚያሳይ ማለት ነው።

የደንበኞች አቤቱታ ክፍል ማለት ፎልከር ቴቬስ ነው። ድሮ ሦስት ነበሩ፤ አንዱ ጡረታ ወጣ፣ አንዷ ወደ ሽያጭ ተዛወረች። ፎልከር ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው። የተሰበረ እጀታ፣ የላላ ብሎን፣ ቀለሙ የለቀቀ መያዣ፣ ሁሉም መጨረሻው እሱ ዘንድ ነው፤ ለሁሉም ደብዳቤ ይጽፋል። ዛሬ «የሙከራው ተጠቃሚ» ተብሎ ስለተጠራ ከጠረጴዛው ጫፍ ተቀምጧል። በጃኬቱ የውስጥ ኪስ ደግሞ ስብሰባው ውስጥ ማንም ያላነሣው ፖስታ አለ። በፈቃዱ ሥራ ከለቀቀ ጥሩ ካሳ እንደሚከፈለው የሚገልጽ ውል ነው። እስከ ዛሬ ዓርብ እኩለ ቀን ድረስ ካልፈረመ ውሉ ያበቃል፤ ሁለተኛ አይመጣም።

ሚስቱ አነግሬት ጠዋት ስትሸኘው፣ «ምን ያስጨንቅሃል? ጠይቃቸው» ብላዋለች። «ቦታህ ካለ ትቀራለህ፣ ከሌለ ትፈርማለህ።»

ፎልከር ጉሮሮውን ጠረገ።

«ይቅርታ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። የእኔ ቦታ በሚቀጥለው ዓመት ይኖራል?»

ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ እሱ ዞሩ።

«አቶ ቴቬስ፣ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው!» አለ ሄኒንግ። «ያለ እርስዎ እኮ ይኼ ነገር አንድ እርምጃ አይራመድም።»

«ሚናዎ ይለወጣል እንጂ አይጠፋም» አለ አማካሪው። «እርስዎ የዕውቀቱ ምንጭ ነዎት። መሣሪያው ከእርስዎ ይቀዳል።»

«አሁን አንተው መሣሪያ አልከው!» አለች ኢርምትራውት።

«እስከ መቼ ነው የሚቀዳው?» አለ ፎልከር።

«ቀድቶ እስኪጨርስ ነዋ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ በኋላ ያለው ምዕራፍ ሁለት ነው። ምዕራፍ ሁለት ገና አልተጻፈም።»

ፎልከር ወደ ሰው ኃይል ኃላፊዋ ወደ ጌዚነ ፖል ተመለከተ። ፖስታውን በእጁ የሰጠችው እሷ ናት።

«ወይዘሮ ፖል፣ እርስዎ ደግሞ ያንን ውል ሰጥተውኛል።»

«ውሉ የተሰጠው ዕድሜያቸው ከሃምሳ አምስት በላይ ለሆነ ሁሉ ነው» አለች ፊቷ እየቀላ። «ስለ መብራት ማማው እኔም ዛሬ ገና መስማቴ ነው።»

«ውሉ የወጪ ዕቅዱ ነው» አለ ሄኒንግ። «ይኼ ደግሞ የስትራቴጂ ዕቅዱ ነው። ሁለት ዕቅድ ናቸው፤ አናምታታቸው።»

«በሁለቱም ላይ የፈረምከው አንተ አይደለህም እንዴ?» አለች ኢርምትራውት። «እርስዎ» ብላ አረመችው፤ ጥያቄው ግን እንዳለ ቀረ።

በሩ ተከፈተና የዓርብ ቁርስ ገባ፤ የተፈጨ ጥሬ የአሳማ ሥጋና ሽንኩርት የተቀባ ዳቦ። ክርክሩ ለጊዜው ቆመ።

ፎልከር ዳቦ ሳያነሣ ወደ ቢሮው ወረደ። ኮምፒውተሩ እንደተከፈተ ነው። ሙከራ የተባለው ነገር ፋብሪካው ያስቀመጣቸውን የፎልከርን ደብዳቤዎች በሙሉ አንብቦ በእነሱ ተምሯል፤ ካለፈው ሰኞ ጀምሮ ለደንበኞች መልስ ያረቃል፤ እሱ ደግሞ ያርማል። እስካሁን ያረመው ጥቂት ነው። ቆሞ እንዳለ፣ ምን እየሠራ እንደሆነ ራሱም ሳይገባው፣ ጻፈለት፦ የእኔ ቦታ በሚቀጥለው ዓመት ይኖራል?

መልሱ ወዲያው መጣ።

«ክቡር አቶ ቴቬስ፣ ስለ ጥያቄዎ ከልብ እናመሰግናለን። ጉዳይዎ በጥሩ እጅ ላይ ነው። ትንሽ ትዕግሥት እንዲያደርጉልን በአክብሮት እንጠይቃለን።»

ፎልከር ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ።

የራሱ አባባል ነው። አባባሉን ያቀናበረው፣ የአንድ ዓመት ምርት እጀታ በሙሉ እየተሰበረ በተመለሰ ጊዜ ነበር። ጥፋቱ የብረት አቅራቢው ነው ወይስ የቀለም ክፍሉ በሚል ፎቅ ላይ ሲከራከሩ፣ እሱ ታች ስልኩን ይዞ ቀረ። ለደንበኛ አንድ ነገር ማለት ነበረበት። አባባሉ ስለሠራለት ቀጠለበት፤ መልሱ እየመጣ ሲሆንም ጻፈው፣ ፎቅ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ግራ ሲጋባም ጻፈው። ደብዳቤውን ብቻ አይቶ የትኛው የትኛው እንደሆነ መለየት አይቻልም። አሁን እሱም መለየት አልቻለም።

አንዲት የብሬመን ሴትዮ ትዝ አለችው። የሰገነቷ በር እጀታ ተሰብሮባት ደጋግማ ጻፈች። እሱም ደጋግሞ ይህንኑ መለሰላት፤ እውነቱን ለመናገር ምትክ እጀታው ይመረት አይመረት የሚነግረው አላገኘም ነበር። በመጨረሻ መጻፏን ተወች። ሌላ እጀታ ገዝታ ይሁን፣ በሩን በገመድ አስራ ትኑር፣ እስከ ዛሬ አያውቅም።

«ብላ እንጂ! እነዚያ ሊጨርሱት ነው» እያለች ኢርምትራውት ዳቦ በሶፍት ይዛለት መጣች። ማያ ገጹ ላይ ጎንበስ ብላ አነበበችና በሣቅ ፈረሰች። «ይኼማ አንተ ነህ! ቁርጥ አንተን! አየህ፣ ያላንተ መተንፈስ አይችልም።»

«ወይም ይችላል» አለ ፎልከር።

ሣቋን ገታች።

«ስማኝ ፎልከር፣ ያንን ወረቀት እንዳትፈርም። በዚህ ጉዳይ ፍርድ ቤት ድረስ እሄዳለሁ። አንተ ከሄድክ ግን ስለ ማን ልከራከር?»

«እሺ፤ ክርክሩን ብትረቺ ቦታዬ ይኖራል?»

«ብረታ ሳይጠይቁን አይጀምሩም።»

«ከጠየቋችሁ በኋላስ?»

ኢርምትራውት ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት። «መጀመሪያ ይጠይቁን» አለች ቀስ ብላ። «በል ና፣ እየጠበቁን ነው።»

ሲመለሱ ሄኒንግ ነጩ ሰሌዳ አጠገብ ቆሞ ነበር። «አንድ የምንስማማበት ነገር አግኝቻለሁ» አለና በትልልቅ ፊደል «ኃላፊ፦ ቴቬስ» ብሎ ጻፈ።

«ኃላፊ የምኑ?» አለች ኢርምትራውት።

«የመብራት ማማው።»

ኢርምትራውት ትንሽ አሰበችና፣ «ከተመዘገበ ይሁን። ይኼ ለእኛ ድል ነው» አለች። አማካሪው ኮምፒውተሩን የሚቆጣጠር ሰው በመሃል መግባቱ ከመጀመሪያውም የእሱ ሐሳብ እንደነበር ተናገረ። ጌዚነ ፖል ሹመቱ የደመወዝ እርከን ይለውጥ እንደሆነ ጠየቀች፤ የሚያውቅ አልነበረም። ሁሉም ግን ደስ ብሏቸው ነበር። ከጠዋቱ ጀምሮ ሲስማሙ ይህ የመጀመሪያቸው ነው።

ፎልከር ሰሌዳው ላይ ያለውን ስሙን አየ። ይኼ መልስ ነው? እንደዚያ ሊሆን ይችላል።

«እስከ መቼ?» አለ።

«ምዕራፍ ሁለት ላይ እናየዋለን» አለ አማካሪው በፈገግታ። «ለጊዜው ትንሽ ትዕግሥት ብቻ ነው የምንፈልገው።»

በግድግዳው ሰዓት ላይ እኩለ ቀን ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል። ፎልከር ፖስታውን አወጣ፤ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ብዕር አነሣ። ትክክል ይሁን ስሕተት አላወቀም። ያወቀው አንድ ነገር ቢኖር፣ እዚህ ክፍል ውስጥ የሚዋሸው ሰው እንደሌለ ነው። ቢዋሹት ይሻለው ነበር፤ ቢያንስ እውነቱን የሚያውቅ ሰው አለ ማለት ነውና። ፈረመ።

ወረቀቱን በጠረጴዛው ላይ ወደ ጌዚነ ፖል ገፋ አደረገው። እሷ ስለ ደመወዝ እርከኑ እየተናገረች ስለነበር፣ ሳታየው ከሌሎቹ ወረቀቶቿ ጋር ደርባ በመዳፏ አስተካከለችው።

«አንድ ነገር ብቻ ግልጽ ይሁን» አለች ኢርምትራውት። «ኃላፊ ከተሾመ ተጀምሯል ማለት ነው። ከተጀመረ ደግሞ መሣሪያ ነው።»

«አልተጀመረም አልኩሽ እኮ! ስትራቴጂ ነው!» አለ ሄኒንግ።

ፎልከር ጃኬቱን ከወንበሩ ላይ አነሣ። የክፍሉ በር እጀታ የፋብሪካው የራሱ ምርት ነበር፤ ያ ይሰበር የነበረው ዓይነት፣ በኋላ የተስተካከለው። ወደ ታች ተጫነው። በሩ ያለ ድምፅ ተከፈተ፤ ያለ ድምፅ ተዘጋ። ውስጥ አማካሪው ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ስም በእጁ እያመለከተ ያስረዳ ነበር።