የማሙሽ መኪና ወለል

የመኪና ውድድር ቡድን ውስጥ ሥራዋ የሰው መኪና ማየት ነው። የውድድሩ ወቅት ሊከፈት ሲል ቡድኖቹ አዳዲስ መኪኖቻቸውን ይፋ ያደርጋሉ፤ እሷም ፎቶዎቹን ግድግዳ ላይ ለጥፋ ነፋሱ በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ ታነጻጽራለች። አንዱ የፊት ክንፉን አቅጥኗል፤ ሌላው ጎኑን እንደተራበ ውሻ አጉድሏል። በየተራ ስትስቅባቸው ቆይታ አንዱ ፎቶ ላይ ስትደርስ ሳቋ ቀጥ አለ።

መኪናው የታናሽ ወንድሟ ነበር። ለተቀናቃኝ ቡድን ይነዳል፤ ሕዝቡ «ጥይት» ይለዋል፣ እቤት ግን እስከ ዛሬ ማሙሽ ነው። ከመኪናው ሆድ ሥር ያለው ወለል ጠርዙ ወደ ላይ ተጠቅልሏል። ይህንኑ ቅርጽ የእሷም ቡድን ነፋስ መሞከሪያው ክፍል ውስጥ ፈትሾት ነበር። ነፋሱ ከፊት ሲመጣ መኪናውን መሬት ላይ ይለጥፈዋል፤ ትንሽ ከጎን ሲነፍስ ግን የኋላው ድንገት መሬቱን ይለቃል። ፈርተው ተዉት።

የቡድን ምስጢር ማውጣት ከሥራ ያስባርራል። ትባረራ! የእናቷ ልጅ አይደል? እናታቸው ቤት ምሳ በልተው ሳህን ሲያጥቡ ሹክ አለችው።

«የኋላው ይለቅሃል፣ ማሙሽ። እኛ ሞክረነዋል። አስቀይራቸው።»

«እሺ እትዬ፣ እነግራቸዋለሁ።»

ከላይዋ ሸክም ወረደላት። የቀረውን ዕቃ ሁሉ ብቻዋን አጠበችለት።

የልምምዱ ቀን ካሜራዋን ይዛ የመወዳደሪያው መንገድ አጥር ጥግ ቆመች። ማሙሽ የራስ ቁሩን ብብቱ ሥር ሸጉጦ መጣ። ወለሉ እንዳለ ነው።

«አልነገርካቸውም እንዴ?»

«ነገርኳቸው እንጂ። የሚገርምሽ፣ እነሱም ሰግተው ሌላ ወለል አሠርተው ነበር። ያንቺን ስነግራቸው አለቃችን ሳቀ። ‹ተቀናቃኝ አደገኛ ነው ካለ ፈጣን ነው ማለት ነው› ብሎ ያኛውን ትቶ ይኸኛውን አስገጠመው።»

እሷም ብትሆን በየዓመቱ ስብሰባ ላይ የምትለው ይህንኑ ነው።

«እማዬ ትሙት፣ እውነቴን ነው።»

«አውቃለሁ። እነሱ ግን ተልከሽ ነው የሚመስላቸው። እምቢ ብል ደግሞ ቦታዬን የሚፈልግ ሞልቷል።» ትከሻዋን መታ አድርጎ ሄደ።

ሞተሩ ተነሣ። የአለቃዋ ድምፅ በጆሮ ማዳመጫዋ መጣ።

«የዚያን መኪና ወለል ጥሩ አድርገሽ አንሺልኝ። ነፋሱ ከጎን ሲመታው ምን እንደሚሆን ማየት እፈልጋለሁ።»

አጥሩ ላይ ያሉት ባንዲራዎች ወደ ጎን መውለብለብ ጀምረዋል። ካሜራዋን አነሣች።