ወደ ቀኝ የዞረው ባቡር

በዚህ ታሪክ ውስጥ አንዲት ቃል ዋሽቼ ከተገኘሁ የሱቄ ኮምፕሬሰር ፊቴ ላይ ይፈንዳ። እኔ በተፈጥሮዬ ማጋነን አልወድም፤ ከተማው ውስጥ እንደ እኔ ማጋነን የሚጠላ ሰው በባትሪ ቢፈለግ አይገኝም። እንደውም ነገር ስለማሳንስ ነው እስከ ዛሬ የሚገባኝን ክብር ያላገኘሁት።

ሥራዬ ጎሚስታ ነው። ጎማ የሚባል ነገር ከተፈጠረ ወዲህ በእጄ ያላለፈ የለም ማለት ይቻላል። የተነፈሰ ጎማ ከመንገድ ማዶ አሳዩኝ፤ ምስማር ይሁን፣ ቫልቭ ይሁን፣ የሾፌሩ ጥጋብ ይሁን፣ ሳልነካው እነግራችኋለሁ። ስለዚህ አርባዎቹን ጨርሼ ሃምሳ ውስጥ ስገባ፣ ባለቤቴ "ቁጭ ብለህ ከምትወፍር እስቲ አንተም ና" ብላ ወደ ስኬቲንግ ማኅበሯ ስትወስደኝና ባለጎማውን ጫማ አጥልቄ ወለሉን ስረግጥ፣ ያየኝ ሰው ሁሉ አፉን ይዞ ቀረ። አንዳንዱ ዓይኑንም ይዞ ነበር፤ አድናቆት ሲበዛ እንዲያ ያደርጋል።

ማኅበራችን የትልልቅ ሰዎች ነው። ቀድሞ የምንጣፍ መጋዘን በነበረ አዳራሽ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እንገናኛለን። የአውቶቡስ ሾፌር አለ፤ ዳቦ ጋጋሪ አለ፤ ነርስ አለች፤ ልብስ ሰፊዋ ባለቤቴ አለች፤ ሌሎችም አሉ፣ ጉልበታቸው ሲታጠፍ እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ የሚል፣ ልጆቻቸው የሚያፍሩባቸው፣ አለቆቻቸው ወሬውን ገና ያልሰሙባቸው። ሙዚቃው ሲከፈት ግን ሁሉም ሳምንቱን ሙሉ የተሸከመውን ከነጫማው በሩ ላይ አውልቆ ይገባል። ጋጋሪው ቢወድቅ ሾፌሩ ያነሳዋል። ሾፌሩ ቢወድቅ ግን ለማንሳት ክሪክ ያስፈልጋል።

አሠልጣኛችን ጡረታ የወጡ ትራፊክ ፖሊስ ናቸው። ጋሼ ፊሽካ እንላቸዋለን፤ ፊሽካው ከአንገታቸው ወርዶ አያውቅም፣ ሲተኙም ያወልቁታል ብዬ አላምንም። ሕጋቸው አንድ ነው፤ ሁሉም ሰው ወደ ግራ ይዞራል። አዲስ ሰው ተሳስቶ ወደ ቀኝ ከታጠፈ ፊሽካው ይጮኻል፣ መዳፋቸው ይዘረጋል፣ "ወንድሜ፣ መንገዱ ባለ አንድ አቅጣጫ ነው" ይላሉ። ስንት ዓመት ወደ ግራ ስንዞር ኖርን። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ቀኝ የሚባል ነገር መኖሩን የምናስታውሰው ስንፈርም ብቻ ነበር።

የማኅበራችን ጌጥ ባቡሩ ነው። አንዱ የሌላውን ወገብ ይዞ፣ ጎንበስ ብሎ፣ እግር ከእግር ገጥሞ የሚንሸራተት ረጅም ሰልፍ ማለት ነው። የባቡሩ ራስ ፍጥነቱን ይወስናል፣ መታጠፊያውን ይመርጣል፤ ተመልካች የሚያየውም እሱን ነው። እኔስ? እኔ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጅራት ነኝ። ራስ ነርሷ ናት። ስትንሸራተት ድምፅ ስለሌላት ቅቤ እንላታለን። መልካም ልጅ ናት፣ ክፋት የላትም፤ ነገር ግን የጎማ ሰው ቆሞ እያለ መርፌ የምትወጋ ሰው ባቡር ትመራለች? ይህን ለጋሼ ፊሽካ ያልነገርኩበት ቅዳሜ የለም።

"ካላማዳሪ" ይሉኛል መልሰው። የማኅበሩ ስሜ ነው፤ ጎማ ውስጥ የሚገባውና በአየር የሚነፋው ማለት ነው። ለሙያዬ ክብር ሲሉ ያወጡልኝ ነው። "ካላማዳሪ፣ አንተን ጅራት ያደረግንህ ስትወድቅ ሰው ይዘህ እንዳትወድቅ ነው።"

"ጋሼ፣ እኔ መቼ ወድቄ አውቃለሁ?"

"እሱስ እውነትህን ነው። አንተ አትወድቅም፤ ወለሉ ነው የሚነሳብህ።"

ሰዉ ይስቃል። ባለቤቴም አንገቷን ደፍታ ትስቃለች። እኔ ቆሽቴ እርር ድብን ይላል።

አምና ከተማው መሃል አዲስ አደባባይ ተሠራ፤ መሃሉ ላይ ውሃ የሚረጭ ፏፏቴ ያለው። ምረቃው ላይ ባቡራችን እንዲታይ ተጠራን። ከዚያ በፊት ከራሳችን በቀር ማንም አይቶን አያውቅም። ባለቤቴ ለሁላችንም ቀይ ሸሚዝ ሰፋች፤ ጋጋሪው ሆዱን ለማጥፋት የራሱን ዳቦ መብላት አቆመ። ልክ ሁሉ ነገር ሲሰምር የምረቃው አዘጋጅ ለጋሼ ፊሽካ ደወለላቸው። ሰልፉ በሙሉ ከሙዚቃ ባንዱ ኋላ የሚጓዘው ወደ ቀኝ ነው አላቸው።

ጋሼ ፊሽካ ስልኩን ዘግተው ወደ እኛ ዞሩ።

"ወደ ቀኝ ነው አሉ" አሉ፣ መርዶ እንደሚያረዳ ሰው።

"ታዲያ ምን አለበት?" አለ ሾፌሩ። "ያው መታጠፍ ነው።"

ምን እንዳለበት ወዲያው አወቅን። ፊሽካው ተነፋ፣ ባቡሩ ተነሳ፣ የመጀመሪያው ማዕዘን ላይ ቀኝ ለመታጠፍ ስንል ጭንቅላታችን ወደ ቀኝ፣ እግራችን ወደ ግራ ሄደ። ቅቤም ቀለጠች። ሾፌሩ በጋጋሪው ላይ፣ ጋጋሪው በባለቤቴ ላይ፣ ሌላው በሌላው ላይ ተከመረ። እንደገና ሞከርን፤ እንደገና ተከመርን። በሚቀጥለው ቅዳሜም እንደዚያው። አንድ ጊዜ ቅቤ ማዕዘኑን አለፈች ብለን ስናጨበጭብ፣ ለካ ግድግዳው ነው ያዞራት።

"ዕድሜ ልኬን አውቶቡስ በሁለቱም በኩል ሳጥፍ ኖሬ" አለ ሾፌሩ ወለሉ ላይ እንደተዘረጋ፣ "ይቺን መቀመጫዬን ማጠፍ ያቅተኝ?"

"መኪናህ መሪ አለው፤ አንተ የለህም" አለው ጋጋሪው።

"አንተ ደግሞ ከላዬ ከወረድክ በኋላ አውራ።"

ጋሼ ፊሽካ ፊሽካውን ከአንገታቸው አውልቀው ኪሳቸው ከተቱት። ያን ሳይ ነገሩ ማለቁ ገባኝ። ሰዉ ጫማውን እየፈታ፣ አንዱ ሌላውን ሳያይ፣ ቀይ ሸሚዙን ለምን እንደሚያውለው ያጉተመትማል። እኔም ከንዴቴ የተነሳ የቅቤን ጫማ ከወለሉ አንስቼ ልወረውር ስል ዓይኔ ጎማው ላይ አረፈ። በአንድ በኩል ተበልቷል። የጋጋሪውን አየሁ፣ ተበልቷል። የሾፌሩንማ አትጠይቁኝ።

"እግራችን አይደለም" አልኩ። "ጎማው ነው። ዕድሜውን ሙሉ ወደ ግራ ሲዞር በአንድ ጎን አልቆ ግራ ብቻ ነው የሚያውቀው። የግራውን ወደ ቀኝ፣ የውስጡን ወደ ውጭ ባዘዋውረው ራሱ ወደ ቀኝ ይሄዳል። መኪና ላይ በየጊዜው የምሠራው ሥራ ነው።"

"ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ" አለ ጋጋሪው።

ጋሼ ፊሽካ ግን ሌላ ተስፋ አልነበራቸውም። ዙሪያቸውን አዩ። የተበታተነውን ሰው፣ የተጣለውን ሸሚዝ አዩ። "ካላማዳሪ፣ ይህ ጫማ ወደ ቀኝ ከዞረ የባቡሩ ራስ አንተ ነህ" አሉኝ። ሁሉም ሰማ። ቅቤ ራሷ "እሺ ጋሼ" አለች፤ ፊቷ ላይ ቅር ያላት ነገር አላየሁም፤ ይህም ቅር አሰኘኝ።

የሁሉንም ጫማ በማዳበሪያ ጆንያ አጭቄ ሱቄ ወሰድኩ። ባለቤቴ በሩ ድረስ ተከትላኝ መጥታ "የማን የማን እንደሆነ ምልክት አድርግበት እንጂ" አለችኝ። እዩልኝ። ጎማ የሚምታታብኝ ይመስል። እኔ ጎማ በሽታው ብቻ አይደለም፣ ጠባዩም ከነባለቤቱ ይታየኛል። ጎማውን የሚይዘውን ዳዶ ሁሉ ፈታሁ፣ ጎማውን አወረድኩ፣ ውስጡ የሚሽከረከረውን ኩሽኔታ ሳፋ ውስጥ በነጭ ጋዝ አጠብኩ። መኪና ሊያስተካክሉ የመጡ ሰዎች ሥራቸውን ረስተው ቆመው ያዩኝ ነበር። ፈትቼ ስገጥም እጄ ከፍጥነቱ የተነሳ አይታይም። ስጨርስ ጫማዎቹ ሱቁ በር ላይ ተደርድረው ብቻቸውን ወደ ቀኝ ሊሄዱ ይቁነጠነጡ ጀመር፤ በመኪና መጎተቻ ገመድ አስሬ ነው ያቆየኋቸው።

የምረቃው ዕለት ጠዋት አደባባዩ ሰው በሰው ሆኗል። በየሰገነቱ፣ በየመብራት ምሰሶው ላይ ሰው ተንጠልጥሏል። ሰዉ ለምን እንደመጣ ለማንም ግልጽ ነበር፤ ፏፏቴ ሊያይ አይደለም። ቀዩን ሸሚዜን ለብሼ ከፊት ቆምኩ። ቅቤ ወገቤን ያዘች፣ እሷን ባለቤቴ፣ ባለቤቴን ሾፌሩ፣ እንዲህ እያለ ጅራቱ ከዓይን ይርቃል። ጋሼ ፊሽካ እንባቸው ፊሽካውን አርሶት እንደምንም ነፉት።

ወደ ቀኝ ዞርን። ቢላዋ ቅቤ ውስጥ እንደሚገባ፣ ባቡሩ አደባባዩን ሰንጥቆ ዞረ። የመጀመሪያውን ዙር ስንጨርስ ባንዱን ደረስንበት፤ ሁለተኛው ላይ አለፍነው። ጥሩንባ ነፊው ትንፋሽ አጥሮት ጥሩንባውን እንደ ከዘራ ተደግፎ ቀረ። የፏፏቴው ውሃ በነፋሳችን ተጠማዞ ባለሥልጣናቱ ላይ ሄደ፤ እነሱም ደስ ብሏቸው ነው የረጠቡት። የከንቲባው ባርኔጣ ከአናታቸው ተነስቶ፣ ከባቡሩ ጋር አንድ ዙር ዞሮ ተመልሶ ተቀመጠ። ጋጋሪው ከኋላ "ካላማዳሪ፣ በናትህ ቀስ በል" ይላል፤ እኔ ደግሞ ፍሬን የሚባል ቃል የዚያን ቀን ረስቼዋለሁ። በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሃል አንዲት ባልቴት "ኧረ ይሄ ከፊት ያለው የማን ልጅ ነው?" ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ባለቤቴ ከደስታዋ ብዛት አለቀሰች። በኋላ ብትክድ አትስሟት።

ታዲያ በዚህ ሁሉ ምን አገኘሁ? በሚቀጥለው ቅዳሜ አዳራሹ ስደርስ ቅቤ ፊት ቆማለች። ሰዉ ወገብ ለወገብ ተያይዞ እኔን ይጠብቃል፣ ጅራቱን ሊያሲዘኝ። ጋሼ ፊሽካን "ቃልዎስ?" ብላቸው፣ "ካላማዳሪ፣ ተወኝ እስቲ" ብለው ፊታቸውን አዞሩብኝ። ትራፊክ ፖሊስ የሰጠውን ምልክት ያጥፋል? ዓመቱን ሙሉ የጋጋሪውን ወገብ ይዤ ስንገላወድ ከረምኩ። ሰፊ ወገብ ነው፤ ከኋላው ሆኖ የሚታይ ነገር የለም።

ዘንድሮ ግን ጋሼ ፊሽካ በእኔ ጥያቄ ተሰላችተው የባቡሩ ራስ በድምፅ ይመረጥ አሉ። ምርጫው ትናንት ቅዳሜ ነበር። ነባሮቹ በቅናት እንደታወሩ ስለማውቅ ቀደም ብዬ ሄድኩና፣ አዲሶቹን አባላት አግዳሚ ወንበሩ ላይ ጫማቸውን ሲያስሩ አግኝቼ ይህንኑ ታሪክ፣ አሁን እንደጻፍኩት፣ እንደውም ትንሽ ቀንሼ ተረክሁላቸው። ባርኔጣው ጋ ስደርስ አንደኛው የጫማውን ክር መሳብ ረስቶ ቀረ። መድኃኒት ቤት የምትሠራ አንዲት አዲስ ሴት አለች፤ ከሁሉም ይበልጥ እሷ ተመስጣ ነበር።

"ታዲያ እርስዎ እያሉ ሌላ ሰው ለምን ይመረጣል?" አለችኝ።

"እኔም የምለው እሱን ነው፣ እህቴ።"

ነባሮቹም አንድ በአንድ ገብተው በዙሪያችን መቀመጥ ጀምረዋል። ሾፌሩ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ጋሼ ፊሽካ የምርጫውን ወረቀት ይቆርጣሉ። ባለቤቴ አጠገቤ ተቀምጣ የጉልበት መከላከያዋን ታስራለች። የመድኃኒት ቤቷ ሴት ወደ እሷ ዞር ብላ "እርስዎም ከኋላቸው ነበሩ አይደል? እንዴት ዓይነት ቀን ይሆን የነበረው" አለቻት።

ባለቤቴ መጀመሪያ ማሰሪያውን አጥብቃ ጨረሰች።

"የለም" አለች፣ ድምፅዋን ሳታነሳ። "የዚያን ቀን ጫማ አላጠለቅንም። ጎማውም ኩሽኔታውም ሳፋ ውስጥ ተደባልቆ ነበር። እሱ ሱቁ ወለል ላይ ተንበርክኮ የማን የማን እንደሆነ ሲለይ ዋለ። እኛ አደባባዩን በካልሲ ዞርነው።"

"ወደ ቀኝ?"

"ወደ ቀኝ። ራስም ጅራትም አልነበረንም፤ ጎን ለጎን ነው የሄድነው። የጎደለው እሱ ብቻ ነበር።"