የቤታችን ልክ

መምህር ተክለጻድቅ ለስድስተኛ ክፍል ልጆች ስፋትና ይዘትን የሚያስተምረው በራሱ ዘዴ ነው። «ሳጥን ሥሎ ማባዛትማ ማን ያቅተዋል?» ይልና፣ በየሜትሩ በተቋጠረ ገመድ የገዛ ቤታቸውን ከውጭም ከውስጥም ለክተው እንዲመጡ ያዛቸዋል። በደህና ቀን ግሩም ዘዴ ነበር። በ1970 ግን፣ ልደታ ቤት ለቤት እየታሰሰ፣ ልጅን ቤትሽን ለክተሽ ነይ ማለት ምን ሊያመጣ እንደሚችል ለአፍታ እንኳ አላሰበም። ሞኝ ሰው!

ተራው የጨርቅ ነጋዴው የኑሪ ልጅ የዙሃራ ሆነ። ሰሌዳው ላይ «ርዝመት፦ ከውጭ ሰባት ሜትር፣ ከውስጥ አምስት» ብላ ጻፈች።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። የጭቃ ግድግዳ ግራና ቀኙ ቢደመር ግማሽ ሜትር ቢሞላ ነው፤ የቀረው ሜትር ተኩል የት ገባ? ከኋላ ወንበር መሣሪያውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ትምህርቱን «የሚከታተለው» የአብዮት ጥበቃ ግን አልሳቀም። ቀና አለ።

ተክለጻድቅ ነገሩ ያኔ ገባው። የዙሃራ ወንድም ሁመድ የእሱም ተማሪ ነበር። ጥበቃዎቹ ሲፈልጉት ከርመው አጥተውታል። ቤተሰቡ «ጅማ ሄዷል» ይላል፤ ለዙሃራም የተነገራት ይኸው ነው።

«ውጭውን በዝናብ ነው የለካሽው» አላት ፈጠን ብሎ። «ገመድ ሲረጥብ ያጥራል፤ ልኩ ይበዛል።»

«ኧረ ጋሼ፣ ፀሐይ ነበር! ደጋግሜ ነው የለካሁት። ካላመኑኝ ይምጡና አብረን እንለካው!»

ጥበቃው ከመቀመጫው ተነሣ። ተክለጻድቅ ልጅ መትቶ አያውቅም። ማስመሪያውን አንሥቶ መዳፏን ደጋግሞ መታት።

«ተሳስቻለሁ በይ!»

«ተሳስቻለሁ» አለች እየተንሰቀሰቀች። «ዝናብ ነበር።»

«የጨርቅ ነጋዴ ልጅ አይደለች፣ ሜትር ማጭበርበር ከቤቷ ነው የለመደችው!» ብሎ ጥበቃው ከት ብሎ ሳቀና ተመልሶ ተቀመጠ።

ደወል ተደውሎ ሁሉም ሲወጣ ዙሃራ ቀረች። መዳፏን ብብቷ ውስጥ ወሽቃለች።

«ጋሼ፣ ወላሂ ዝናብ አልነበረም።»

«አውቃለሁ» አላት። ምነው በቀረበት! አንጀቱን ስለበላችው አምልጦት ነው።

ልጅቱ ለቅሶዋን አቆመች። ሁለቱን ቁጥሮች አየች፤ ቀጥሎ እሱን አየችው። «ሁመድ...» ልትል ስትጀምር ጠመኔ ባለበት እጁ አፏን ከደናት።

ሲለቃት ወደ ሰሌዳው ሄዳ በተመታው መዳፏ ሰባትን አጠፋችና አምስት ተኩል ብላ ጻፈች።