የማዚን ካርታ

ሙላቷ ከተኪያው ስትመለስ ልጇ ሩቀያ ኮምፒዩተሯ ላይ አቀርቅራ ነበር። ተኪያ ማለት፣ ጦርነቱ ካርቱምን ካራቆታት ወዲህ ሰፈርተኛው አዋጥቶ ለተራበ የሚያበስልበት ቤት ነው።

ድስቱ ዛሬ የት እንደተጣደ ሰው በስልኩ የሚያይበት ድረ ገጽ አለ። ገጹን የሠሩት ሌሎች ናቸው፤ ካርታውን ግን የሩቀያ ወንድም ማዚን ነው የሠራው። ዋናውን ቤት ሳይነኩ በጎኑ ጓዳ እንደመቀጠል ያለ፣ ኤክስቴንሽን የሚሉት ነገር አለ። ማዚን ጃቫስክሪፕት በተባለው የኮምፒዩተር ቋንቋ የጻፈውን ፓኬጅ፣ ማለትም የፕሮግራም ጥቅል፣ በዚያ በኩል አስገባውና ካርታው ብቅ አለ። ብዙም ሳይቆይ ማዚንን ሶባ መንገድ ላይ ከባድ መሣሪያ መትቶ ገደለው። መንገደኛ እዚያው ቀበረው፤ እናትም እህትም አፈር አላለበሱትም።

ዘንድሮ ድረ ገጹ ሲታደስ የማዚን ፓኬጅ አዲሱን ቦታ ማንበብ ተሳነው፤ የሚያሳየው የድሮውን ብቻ ሆነ። ሩቀያ ልትጠግነው ሞከረች፤ አንዱን ስታቃና ሌላው ይዘማል። በሱ ፈንታ የሚገባ የተዘጋጀ ፓኬጅ ሞልቷል። የወንድሟን ለማውጣት ግን እጇ እምቢ አላት።

“ሀጀራን ታውቂያት የለ? ያቺ ካርቱም ሁለት ሰፈር ያለችው፣ ልጅ ያዘለችው” አለች ሙላቷ። “ስልኳን ተማምና ሱቅ ዐረቢ ገበያ ድረስ በእግሯ ሄዳ! እዚያ ያለው ተኪያ ከተዘጋ ስንት ጊዜው። እኛ ጋ ስትደርስ ድስቱን አጥበን ደፍተነዋል።”

“ዩማ” አለች ሩቀያ እናቷን፣ “ካርታው ነው ያሳሳታት። የማዚን ካርታ። መውጣት ነበረበት፤ እኔ ነኝ ያስቀረሁት።”

ሙላቷ አልጋው ጠርዝ ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

“ብታወጪው ይጠፋል?”

“ማስቀመጥማ አስቀምጠዋለሁ። ግን ማንም አይከፍተውም። አሁን እኮ ሰው ስልኩን ሲነካ የሚላላክለት እሱ ነው። ሥራ ላይ ነው፣ ዩማ።”

ሙላቷን ሳቅ አመለጣት። “ወላሂ፣ ድሮም መንገድ አያውቅ! ዳቦ ግዛ ብዬ ብልከው ሌላ ሰፈር ዞሮ ነበር የሚመጣው።” ሳቋ ፊቷ ላይ ደረቀ። “ልጄ ሰው ይብላበት ብሎ ነው የሠራው። በሱ ሰበብ ሕፃን ጦሙን አይደር። ያላ፣ አውጪው።”

ሩቀያ አወጣችው። አዲሱንም በዚያው በኤክስቴንሽኑ በኩል አስገባች። ካርታው ተከፈተ፤ ቀይ ምልክቱ የነሱ ተኪያ ላይ አረፈ።

ሙላቷ አንገቷን አስግጋ አየች። “የሱ የትኛው ነው እዚህ ውስጥ?”

“አሁን የለም።”

“ምንም?”

“ምንም፣ ዩማ።”

ሙላቷ ተነሣች። የተከናነበችውን ቶቧን ከራሷ ገፍፋ እንደ ለቀስተኛ ወገቧ ላይ አሰረችው። መርዶው የመጣ ቀን ውጭ ተኩስ ነበርና ድምፅ ማውጣት ያስፈራ ነበር፤ ያን ቀን አፏን በእጇ አፍና የዋጠችው ጩኸት አሁን ወጣ።

በቅርቡ ከስደት የተመለሰችው ጎረቤታቸው ሬሕማ በባዶ እግሯ እየሮጠች ደረሰች።

“ምንድን ነው? ማን ሞተ?”

“ማዚን” አለች ሩቀያ፣ እናቷን በሁለት እጇ እንደያዘች። “ወንድሜ ማዚን ሞተ።”