ፀሐይ የጠጣ ግድግዳ

ሕፃኑ ከቀትር በኋላ ጡት አልይዝ አለ። ታቢታ ጡቷን ከንፈሩ ላይ ብታስነካው አፉን እንኳ አይከፍትም፤ የቀላ ፊቱን ወደ ጎን ጥሎ ዝም። ከተወለደ ገና ሳምንቱ ነው።

"እማማ፣ ልጁ ደክሞብኛል። ይንኩት እስቲ፣ ያተኩሳል።"

አማቷ ደብሪቱ አጥሚቱን ከምታማስልበት ድስት ቀና አላለችም። "ብርድ ነው የመታው። ትናንት ያቺ ባለሱቋ ሙንተሃ በሩን ብርግድ አድርጋ ቆማ ስታወራ አልነበር? አራስ ቤት ሱቅ መሰላት! ነፋስ አስገብታብን ሄደች።"

እንዲህ አለች እንጂ ፈርታለች። የታቢታ እናት ከይርጋለም ልምጣ ስትል "ምን ያደርጋል፣ እኔ እያለሁ!" ብላ የመለሰቻት እሷው ናት። አሁን ልጁ አንድ ነገር ቢሆን ያቺ ሴት ምን ትላለች? አሞራ ገደል አብረዋት ዓሣ የሚሸጡትስ ምን ይላሉ? ምላሳቸውን ታውቀዋለች፤ የእሷም ከእነሱ አያንስምና።

ክፍሉ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ባለ አንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከቆርቆሮው ሥር ነው። ኮርኒስ የለውም። መስኮቱ ግን ግድግዳውን ሊያክል ምንም አልቀረው፤ ፀሐይ ወደምትጠልቅበት፣ ወደ ሐይቁ የዞረ መስታወት። ልጇ ወንድሙ፣ የታቢታ ባል፣ ሲከራየው "ሐይቁ ይታያል" ብሎ ተኩራርቶ ነበር። ደብሪቱ አራሷን ልታርስ በመጣች ቀን መስኮቱን ዘጋች፤ ስንጥቁን ሁሉ በአሮጌ ጨርቅ ወተፈች። መጋረጃውን ግን ገልጣ ተወችው። ፀሐይ ይግባለት፣ ነፋስ አይግባበት። ሰባት ልጅ ያሳደገችው እንዲሁ ነው፤ ያሳደገችው ግን በሣር ቤት ነበር።

ሁለተኛ ብርድ ልብስ አምጥታ ሕፃኑ ላይ ደረበች።

"እማማ፣ በዚህ ሙቀት?"

"ዝም በይ! አንቺ ስንት ወልደሻል?"

የታቢታ እንባና ላብ ተቀላቅሎ አገጯ ላይ ይንጠባጠባል። ወንድሙ ጋ ደወለች፤ ሐይቅ ዳር ካለው ሆቴል ሥራ ላይ ነበር። "ባጃጅ ይዤ መጣሁ" አለ። ሳይመጣ ቆየ። ታቢታ ልጁን ታቅፋ ተነሣች።

"ወዴት?"

"ጤና ጣቢያ። በእግሬም ቢሆን።"

ደብሪቱ በሩ ላይ ቆመች። "ሳምንት ሕፃን ነፋስ ላይ ልታወጪ? ቁጭ በይ! ፀሐይዋ ትጥለቅ፣ ቀዝቀዝ ሲል ይሻለዋል።"

ፀሐይዋ ጠለቀች። አልተሻለውም። ጭራሽ ትንፋሹ ፈጠነ፤ ሆዱ እንደ ወፍ ሆድ ቶሎ ቶሎ ይላል፤ ስሙን ገና ያላወጡለትን ልጅ ታቢታ "አባዬ፣ አባዬ" እያለች ትጠራዋለች። ደብሪቱ "ጌታ ሆይ" ብላ ከግድግዳው ተደገፈች።

ተስፈንጥራ ራቀች። ግድግዳው ይፋጃል።

እጇን ዘርግታ እንደገና ነካችው። ፀሐይ የለች፣ ውጭው ደንገዝገዝ ብሏል፤ ብሎኬቱ ግን ከእሳት የወጣ ድንጋይ ይመስላል። ቀኑን ሙሉ የጠጣውን አሁን ይተፋዋል። በላይ ቆርቆሮው፣ በጎን ግድግዳው፣ በጥግ የእሷ ድስት፤ መውጫው ሁሉ በእሷ ጨርቅ ተወትፏል። የሕፃኑ አልጋ ደግሞ ከዚሁ ግድግዳ ተጠግቷል። ያስጠጋችው እሷ ናት፣ ከበር ይራቅ ብላ።

አሞራ ገደል ከሽያጭ ቦታዋ ጀርባ እንዲህ ያለ ግድግዳ ነበረ። ቆሮሶ ዓሣዋን አንድ ቀን አስጠግታው አታውቅም፤ ግድግዳ የነካው ዓሣ ቀድሞ ይበላሻል። እርጥብ ጆንያ ታለብሰዋለች፣ ፊቱን ወደ ሐይቁ ነፋስ ታዞረዋለች።

"ዓሣ እንኳ እንዲህ አላስቀምጥም" አለች።

"ምን አሉ እማማ?"

"ብርድ ልብሱን አንሺው! ሁለቱንም! ኮፍያውንም አውልቂ!"

ምድጃውን አጠፋች። ጨርቁን ከየስንጥቁ መዘዘች፤ መስኮቱን በትከሻዋ ገፍታ ከፈተችው። ነጠላዋን ባልዲው ውስጥ ነክራ ጨመቀችና መስኮቱ ላይ ሰቀለችው። የሐይቁ ነፋስ ነጠላውን እየነፋ ሲገባ ቀዝቃዛ ሆኖ ፊታቸውን ዳሰሰው።

"ነፋሱስ?" አለች ታቢታ በፍርሃት።

"ይንፈስ!" ይህን ስትል ራሷን አላመነችም፤ የገደልኩት አሁን ቢሆንስ ብላ ፈራች።

ሕፃኑ እንደዛለ ነው። "ወደ ታች እናውርደው፣ እዚህ ቤት አይሆንም" ብላ ልጁን ራሷ ተቀበለችና ደረጃውን ወረደች። ሙንተሃ ሕንፃው ሥር ካለው ሱቋ በር ላይ አየቻቸውና ደነገጠች።

"እማማ፣ አራስ ቤት ነፋስ አይገባም ብለው እኔን ሲያባርሩኝ አልነበር?"

"አፍሽን ዝጊና በርሽን ክፈቺ!"

ሙንተሃ ልትስቅ ብላ ተወችው፤ የሱቋን የኋላ በር ከፍታ ቀዝቃዛው ሊሾ ላይ ምንጣፍ አነጠፈች። ታቢታ ተቀምጣ ጡቷን ሰጠችው። አልያዘም። ጥቂት ቆይታ ደግማ ሰጠችው። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ አንዴ ሳብ አድርጎ ለቀቀው። ዓይናቸው ሁሉ እዚያች አፍ ላይ ተተክሏል። እንደገና ያዘና ሳበ፣ ደካማ ሆኖ፣ ግን ሳበ።

ያን ጊዜ ወንድሙ ባጃጅ ይዞ ደረሰ። "ወደ ጤና ጣቢያ፣ ቶሎ!" አለች ደብሪቱ። ባጃጁ ሲነሣ ነፋሱ ከግራና ቀኝ ገባ። እጇ በልማድ የሕፃኑን ራስ ልትሸፍን ሄደ፤ ሳይደርስ ቆመ። መልሳ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው።

ጤና ጣቢያ የነበረችው ነርስ መረመረችው፣ ሙቀቱን ለካችው። "ሙቀት ነው የጎዳው፤ እዚሁ ያድራል፣ እናየዋለን" አለች። ከዚያ ወደ ሦስቱም ዞራ፣ "ማን ነው እንዲህ የጠቀለለው?" ስትል ጠየቀች።

ታቢታ ጡቷን ለሕፃኑ ልትሰጥ ጎንበስ አለች።

"እኔ ነኝ" አለች ደብሪቱ። "ምን ታዪኛለሽ? ሥራሽን ሥሪ።"

ነርሷ ስትወጣ ደብሪቱ ወደ ምራቷ ዞረች። ሕፃኑ ጡት ይዞ ነበር፤ እየሳበ ያርፋል፣ እያረፈ ይስባል።

"ለእናትሽ ደውይላት። ነገ ትምጣ።"

ታቢታ ማመን አቅቷት አየቻት።

"ምን ያስገርምሻል? ትምጣ አልኩ። ግን ብርድ ልብስ ይዛ እንዳትመጣ።"